የአሮጌ ፈረንሳይ ሠራሽ ብስክሌት ክራንክና ቦተም ብራኬት አቀያየር፦ ዝርዝር መመሪያ

ፈረንሳይ ሠራሽ አሮጌ ብስክሌት ላይ ክራንክ ለመቀየር የተነሳ ሰው ሥራው የሚበላሽበት ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው። የማይገጥም መንቀያ ያስገባና የክራንኩን ጥርስ ይልጣል። የቀኙን ስኒ በተሳሳተ አቅጣጫ እየታገለ ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሁሉንም ከፈታ በኋላ ደግሞ የገዛው አዲስ ዕቃ አልገባ ይለዋል። ሦስቱም ቁልፍ ከማንሳት በፊት በመለካት የሚቀሩ ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ልኬቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። እሱን ዘላችሁ ወደ መፍታቱ አትሂዱ።

መመሪያው የሚሠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ለተሠሩት ለፔጆ፣ ሞቶቤካን፣ ጂታን፣ መርሲዬና መሰሎቻቸው ነው። (ፔጆ ሲባል ብዙዎቻችን መኪናው ነው የሚታየን። እዚህ ግን ብስክሌቱ ነው።)

መጀመሪያ በስም እንግባባ

ክራንክ የምለው ፔዳሉን የያዘውን ክንድ ነው። ሁለቱን ክራንኮች የሚያገናኘው ብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ የሚያልፍበት፣ ከፍሬሙ ግርጌ ያለው አግድም ቱቦ ቤት ይባል። በቤቱ ግራና ቀኝ ተጠምዝዘው የሚገቡት፣ ኳሶቹ የሚሽከረከሩባቸው ሁለት ብረቶች ስኒ ናቸው። የግራው ስኒ ላዩ ላይ ማሰሪያ ቀለበት አለው። ዘንጉ፣ ስኒዎቹና ኳሶቹ አንድ ላይ ቦተም ብራኬት ይባላሉ። ጥርስ ስል የብሎን ጥርስ ማለቴ ነው። የሰንሰለቱን ማርሽ ስፈልግ ማርሽ እላለሁ።

ቀኝና ግራ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ እንደምታዩት ነው። ቀኝ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ነው። "በሰዓት አቅጣጫ" ስል ደግሞ ከምትሠሩበት ጎን ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ነው። ይህን ያምታታ ሰው ምሽቱን ሙሉ ይታገላል።

## 1. የያዛችሁትን ለዩ

ክራንኩ በምን ተያዘ?

ክራንኩ ዘንጉን በሚያቅፍበት ቦታ ጎኑን እዩ። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያለው ፒን ካለ ክራንኩ በሽብልቅ የተያዘ ነው። ፔጆ ዩኦ-8ን የመሰሉ ርካሽ ሞዴሎች እንዲህ ናቸው። ከፊት ለፊት ክዳን ኖሮ ከሥሩ ብሎን ካለ ደግሞ ዘንጉ ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ነው። ክራንኮቹም አሉሚኒየም ናቸው። ፔጆ ፒኤክስ-10 ላይ የምታገኙት ይኼኛውን ነው።

የቤቱ ጥርስ የማን ልክ ነው?

አራት ልኮች አሉ። እያንዳንዳቸውን ለይታችሁ እወቁ።

- የፈረንሳይ፦ 35 ሚሊሜትር ስፋት፣ በ1 ሚሊሜትር እርምጃ (እርምጃ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ያለው ርቀት ነው)። የቀኙም የግራውም ስኒ በተለመደው አቅጣጫ ይጠብቃል። የቤቱ ርዝመት 68 ሚሊሜትር።
- የስዊስ፦ ልኩ በትክክል ከፈረንሳዩ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የቀኙ ስኒ በግራ ዘሪ መሆኑ ብቻ ነው። ማለትም በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት ይፈታል።
- የእንግሊዝ፦ 1.37 ኢንች (34.8 ሚሊሜትር ገደማ)፣ በኢንች 24 ጥርስ። ቀኙ እንደ ስዊሱ ግራ ዘሪ ነው። ቤቱ 68 ሚሊሜትር።
- የጣሊያን፦ 36 ሚሊሜትር፣ በኢንች 24 ጥርስ። ሁለቱም ጎን የተለመደ አቅጣጫ። ቤቱ 70 ሚሊሜትር።

"ብስክሌቱ ፈረንሳይ ነው፤ ስለዚህ ልኩም ፈረንሳይ ነው" ብላችሁ አትደምድሙ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ሞቶቤካኖች የስዊስ ልክ አላቸው። ፔጆም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊስ ልክ የተጠቀመባቸው ብስክሌቶች አሉ። በኋላ ወደ እንግሊዙ ገብቷል። የብራንዱ ስም ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አያረጋግጥም።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው።

1. የስኒዎቹን ፊት በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ አጽዱና ቁጥር ፈልጉ። "35 በ1" ከተቀረጸ የፈረንሳይ ወይም የስዊስ ነው። "1.37 በ24" የእንግሊዝ፣ "36 በ24" የጣሊያን ነው።
2. ቁጥር ከሌለ የቤቱን ርዝመት ለኩ። 70 ከሆነ ጣሊያን ነው። 68 ከሆነ ቀጥሉ።
3. የግራውን ስኒ ስታወጡ (ደረጃ 5) ተራ ኤም6 ብሎን ውሰዱ። የኤም6 ብሎን እርምጃ 1 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱን ከስኒው ጥርስ ጋር አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ከዳር እስከ ዳር ከገጠመ 1 ሚሊሜትር ነው፤ ፈረንሳይ ወይም ስዊስ ማለት ነው። ጥቂት ጥርስ ገጥሞ ከዚያ እየተሳሳተ ከሄደ 24 ጥርስ ነው።

ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) ብቻውን እዚህ አይበቃም። በ34.8 እና በ35 መካከል ያለው ልዩነት ያረጀ ጥርስ ላይ ይጠፋል።

ፈረንሳይ ወይስ ስዊስ?

በኤም6 ብሎኑ የማይለየው ይህ ብቻ ነው። የግራ ስኒያቸው አንድ ነውና። የግራው ስኒና ዘንጉ ከወጡ በኋላ በቤቱ ውስጥ ባትሪ አብሩ። የቤቱ ጥርስ ብዙ ጊዜ ከቀኙ ስኒ አልፎ ወደ ውስጥ ትንሽ ይታያል። የግራውን ጥርስ ዘንበል ያለበትን አቅጣጫ ከቀኙ ጋር አስተያዩ፤ ሁለቱንም በአንድ ግድግዳ ላይ እዩ። ሁለቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ፈረንሳይ ነው። እንደ መስታወት ምስል ተቃራኒ ከሆኑ ስዊስ ነው።

## 2. ዕቃ አሰናዱ

ሁሉም ሳይሟላ አትጀምሩ። መሀል ላይ "ይኼ ይሠራ ይሆናል" የሚባል ቁልፍ ሲገባ ነው ጥፋት የሚመጣው።

- ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ናፍጣ ወይም ላምባ
- ዝገት ለቃቂ ዘይት
- ለክራንክ ብሎን ግድግዳው ቀጭን የሆነ ቡሶላ። 14፣ 15 እና 16 ሚሊሜትር ሦስቱም ይኑሩ። ስትሮንግላይት የተባለው የፈረንሳይ ክራንክ አምራች የድሮ ብሎን 16 ነው፤ ይህም ብዙ ዘመናዊ የዕቃ ሣጥን ውስጥ አይገኝም
- ለክራንካችሁ ልክ የሆነ መንቀያ (ደረጃ 4 ላይ አለ)
- ለማሰሪያው ቀለበት ባለ መንጠቆ ቁልፍ፣ ለግራው ስኒ ባለ ሁለት ፒን ቁልፍ
- ለቀኙ ስኒ፦ ወፍራም ሞርሳ፣ ወይም 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ከዳዶውና ከወፋፍራም ሮንዴላዎች ጋር
- ግሪስ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚቀባ ማጣበቂያ)
- 22 አዲስ ኳስ፣ ሩብ ኢንች (6.35 ሚሊሜትር)

ዝገት ለቃቂውን ዋዜማውን በሁሉም መጋጠሚያ ላይ ጨምሩና አሳድሩት። ለደቂቃ ረጭቶ መጀመር ዘይት ማባከን ነው።

## 3. ፔዳሎቹን አውጡ

ክራንኩ ገና ዘንጉ ላይ እያለ አውጧቸው። በኋላ ክንዱን የሚይዝላችሁ አይኖርም። የቀኙ ፔዳል ከሰዓት በተቃራኒ፣ የግራው በሰዓት አቅጣጫ ይፈታል። ይህ በፈረንሳዩም በሌላውም አንድ ነው።

ፔዳሉ ላይ የላቲኑ ዲ ፊደል ካለ የቀኝ፣ ጂ ካለ የግራ ነው። እነዚህን ፊደላት ካያችሁ ፔዳሉ ፈረንሳይ ልክ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። ደረጃ 10 ላይ እንመለስበታለን። ዕቃውን ግን አትጣሉ።

## 4. ክራንኩን አውጡ

### ሀ. በሽብልቅ የተያዘ ከሆነ

የዓይን መነጽር አድርጉ።

1. ዳዶውን ፍቱ፤ ግን አታውጡት። ፊቱ ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ። ይህ ጥርሱን ከመዶሻው ያድናል።
2. ከክራንኩ ሥር፣ በሽብልቁ ራስ በኩል፣ ወፍራም የብረት ቱቦ አቁሙ። የቱቦው ቀዳዳ የሽብልቁን ራስ የሚያሳልፍ ይሁን። የቱቦው ሌላ ጫፍ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይረፍ። የክራንኩ ሸክም ሁሉ ቱቦው ላይ መሆን አለበት።
3. ከባድ መዶሻ ያዙና አንድ ጊዜ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከልባችሁ ምቱ።

ብዙ ትናንሽ ምት የሽብልቁን ጫፍ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ በኋላ በቀዳዳው አያልፍም። ቱቦውን ዘሎ መምታት ደግሞ ኃይሉን በሙሉ ወደ ኳሶቹ ይልካል። ኳሶቹም ስኒው ላይ ጉድጓድ ያትማሉ። ልታድኑት የነበረው ስኒ በዚያች ምት ያልቃል። የሽብልቅ መግፊያ መጭመቂያ ካገኛችሁ ከመዶሻ ይሻላል።

አልወጣም ካለ፦ ዘይት ጨምሩና አንድ ሌሊት ስጡት። ጫፉ ተጣሞ ከሆነ ዳዶውን አውጡ፣ የታጠፈውን ጫፍ በመጋዝ ቁረጡ፣ መሀሉን በፖንቾ ምልክት አድርጉና በትራፓኖ ብሱት። በ4 ሚሊሜትር ጀምራችሁ ወደ 6 ከፍ በሉ። ውስጡ ሲቦረቦር ግድግዳው ይላላና በአንድ ምት ይወጣል። ትራፓኖው ወደ ክራንኩ ወይም ወደ ዘንጉ እንዳይሸሽ ቀስ በሉ።

የወጣውን ሽብልቅ ውፍረት ለኩና ጻፉ። የፈረንሳዩ አብዛኛውን ጊዜ 9.0 ሚሊሜትር ነው። የእንግሊዙ 9.5 ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም።

### ለ. ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ውድ ክራንክ የሚጠፋው። የክራንኩ መንቀያ የሚያዘው ክራንኩ ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። የዛሬ መንቀያ ሁሉ 22 ሚሊሜትር ነው። የድሮ ስትሮንግላይት ግን 23.35 ነው። ሌላው የፈረንሳይ ክራንክ አምራች ቲኤ 23.0 ነው። ኋላ የመጡት ስትሮንግላይቶች ወደ 22 ገብተዋል፤ ስለዚህ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

1. ክዳኑን አውጡ። አንዳንዱ በአለን ቁልፍ፣ አንዳንዱ በሳንቲም ይዞራል።
2. ብሎኑን በቡሶላ ፍቱ።
3. ሮንዴላውን አውጡ። ከግሪስና ከአቧራ ጋር ተጣብቆ የክራንኩ አካል ይመስላል። በካቻቢቴ ጫፍ ፈልጉት። እሱ ውስጥ ከቀረ መንቀያው ዘንጉን ሳይሆን ራሱን ክራንኩን ይገፋል፤ የሚሸነፈውም የክራንኩ ጥርስ ነው።
4. ጥርሱን በብሩሽና በመርፌ አጽዱ። አንድ ጥርስ ውስጥ የቀረች ጠጠር ትበቃለች።
5. የጥርሱን ውስጠኛ ስፋት ለኩ። ካሊፐሩ የሚያሳያችሁ ከስሙ ልክ በ1 ሚሊሜትር ገደማ ያነሰ ነው። 21 አካባቢ ከሆነ ባለ 22፣ 22 አካባቢ ከሆነ ባለ 23፣ ከዚያ ትንሽ ካለፈ ባለ 23.35 መንቀያ ያስፈልጋል። በሁለቱ የመጨረሻዎች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ ክራንኩ ላይ የተቀረጸውን ስምም አብራችሁ ተመልከቱ።
6. መንቀያውን በእጅ ብቻ አስገቡ። እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ሳይያዝ የሚወዛወዝ ከሆነ ትንሽ ነው። ሁለት ዙር ገብቶ ከቆመ ትልቅ ነው። በሁለቱም አቁሙ።
7. እስከ ታች ከገባ በኋላ በቁልፍ ቆንጠጥ አድርጉት። ከዚያ የመሀሉን ብሎን አዙሩ፤ ክራንኩ ድምፅ አሰምቶ ይላቀቃል።

ለስትሮንግላይትና ለቲኤ የሚሆን መንቀያ የፈረንሳዩ ቫር ይሠራ ነበር፤ ያገለገለ ይገኛል። ስታይን የተባለው አምራችም ሠርቷል። ዋጋው ያስቆጫል። 49ዲ የተባለውን የስትሮንግላይት ክራንክ ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ጥርሱ ቀድሞ ያለቀ ከሆነ፦ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው የመኪና መካኒክ ዘንድ ያለ ባለ ሁለት ጥፍር ኩሽኔታ መንቀያ ነው። ጥፍሮቹን ከክራንኩ ጀርባ አስይዙ፤ ማርሹን ግን እንዳያጣምሙት። ሁለተኛው ብሎኑን በሁለት ዙር አላልቶ ሰው በሌለበት ሜዳ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ክራንኩ በራሱ ይላቀቃል። ሲላላ ወዲያው ውረዱ፤ ከዚያ በላይ ከነዳችሁ የአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይከብና ክራንኩ ቆሻሻ ይሆናል።

## 5. የግራውን ስኒ፣ ዘንጉንና ኳሶቹን አውጡ

ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ማሰሪያውን ቀለበት ከሰዓት በተቃራኒ ፍቱ። ስኒውንም እንዲሁ። በአራቱም ልኮች የግራው አቅጣጫ አንድ ነው።

ዘንጉን ስታወጡ የትኛው ጫፍ በቀኝ እንደነበር ምልክት አድርጉ። የቀኙ ጫፍ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ኳሶቹን ቁጠሩ። ልቅ ከሆኑ በየጎኑ 11 ናቸው። በቀፎ ውስጥ ከሆኑ ያንሳሉ።

ሁሉንም በናፍጣ እጠቡና ዘንጉ ላይ ኳሶቹ የሚሮጡበትን መስመር በጥፍራችሁ ዳብሱ። ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ጉድጓድ ወይም ልጣጭ ካለ አልቋል። ስኒዎቹንም እንዲሁ ፈትሹ። አሁን ኤም6 ብሎኑን አውጥታችሁ የደረጃ 1ን ምርመራ ጨርሱ።

## 6. የቀኙ ስኒ፦ ይውጣ ወይስ ይቅር?

ስኒው ለስላሳ ከሆነና የምትገጥሙት አዲስ ዘንግ ብቻ ከሆነ አታውጡት። እዚያው ፍሬሙ ላይ እንዳለ አጽዱት። "ሥራዬ ሙሉ ይሁን" ብሎ ደህና ስኒ ማውጣት ችግር መጥራት ነው።

የሚወጣው ሦስት ጊዜ ነው፦ ካለቀ፣ ወይም ዝግ ኩሽኔታ ያለው አዲስ ቦተም ብራኬት ልትገጥሙ ከሆነ፣ ወይም ፍሬሙ ቀለም ሊቀባ ከሆነ።

አቅጣጫው፦ የፈረንሳይ ልክ ከሆነ ከሰዓት በተቃራኒ። ስዊስ ከሆነ በሰዓት አቅጣጫ። በእንግሊዝ ልክ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ "የቀኙ በሰዓት አቅጣጫ ይፈታል" ይላል። ፈረንሳይ ልክ ላይ ይህን ከተከተላችሁ እያጠበቃችሁት ነው።

ሁለት አስተማማኝ ዘዴዎች አሉ።

በሞርሳ። ጎማዎቹንና ሹካውን አውጡ። የስኒውን ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች በሞርሳው ጥርስ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ፍሬሙ ከላይ በጎኑ ተኝቶ ይቀመጣል። ከዚያ ፍሬሙን ራሱን አዙሩት። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ለፈረንሳይ ልክ ከሰዓት በተቃራኒ፣ ለስዊስ በሰዓት አቅጣጫ። ፍሬሙ ረጅም ማንሻ ስለሚሆን ኃይሉ ብዙ ነው። ስኒው ከሞርሳው ሲንሸራተት ከተሰማችሁ አቁሙና እንደገና አስይዙ።

በወፍራም ብሎን። ሞርሳ ለሌለው ይህ ይሻላል። 16 ሚሊሜትር ብሎን በስኒው ቀዳዳ ያልፋል።

1. ለፈረንሳይ ልክ የብሎኑን ራስ ከውስጥ፣ ዳዶውን ከውጭ አድርጉ። ከሁለቱም በኩል ሮንዴላ ይግባ።
2. ከግራ በኩል በቤቱ ውስጥ ረጅም ቡሶላ አስገብታችሁ የብሎኑን ራስ ያዙ። ዳዶውን በሌላ ቁልፍ ያዙና እስከ መጨረሻው አጥብቁ።
3. ዳዶውን ልቀቁት። አሁን የብሎኑን ራስ ብቻ፣ በግራ በኩል ቆማችሁ፣ በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ቀጥሉ።

ከግራ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሆነው ከቀኝ ሲታይ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ብሎኑን ባጠበቃችሁ ቁጥር ስኒውን የበለጠ ይጨብጠዋል፣ ይዞትም ይፈታል። ስዊስ ከሆነ ከውጭ ያለውን ዳዶ ከቀኝ በኩል በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ።

ንቅንቅ አልል ካለ፦ አቅጣጫውን እንደገና አረጋግጡ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ አንድ ቀን ትዕግሥት፣ ከዚያ ቤቱን በሙቅ አየር ማሞቅ። ክፍት እሳት ቀለሙን ያነሳል፤ ዘይት የጠጣ ፍሬም ላይ ደግሞ አደጋ ነው። ስኒውን በመሮና በመዶሻ ጠርዙን እየመቱ ማዞር የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ስኒው ለመጣል ከተፈረደበት ብቻ።

## 7. ምን ልግጠም?

አሁን ልካችሁን ታውቃላችሁ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

የድሮዎቹን ስኒዎች ይዞ አዲስ ዘንግ ማስገባት። በሽብልቅ የነበረውን ወደ ባለ አራት ማዕዘን ለመቀየር ርካሹ መንገድ ነው። ለ68 ሚሊሜትር ቤት የተሠራ ዘንግ ፈልጉ። ሲገጠም የግራው ስኒ የት እንደሚያቆም ይነግራችኋል። ስኒው ቤቱ ውስጥ ከሰመጠ የዘንጉ የኳስ መስመሮች ተቀራርበዋል። ብዙ ወጥቶ ለማሰሪያው ቀለበት ጥርስ ካልተረፈ ተራርቀዋል። በሁለቱም ዘንጉን ቀይሩ።

በፈረንሳይ ጥርስ የተሠራ ዝግ ቦተም ብራኬት። ፊል ዉድ የተባለው አምራች ቦተም ብራኬቱን በሚመጥኑ ቀለበቶች ይሸጣል፤ የፈረንሳይም የስዊስም ቀለበት አለው። ቬሎ ኦሬንጅም በፈረንሳይ ጥርስ ሠርቷል። የፊል ዉዱ ጥቅም ቀለበቶቹን በማንቀሳቀስ የሰንሰለቱን መስመር ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ግራ ወይም ቀኝ መግፋት መቻሉ ነው። ገንዘብ ካለ ይኼ ነው የእኔ ምርጫ።

ጥርስ የማይፈልግ ቦተም ብራኬት። ከሁለት ጎን ገብቶ እርስ በርሱ እየተሳሰረ ቤቱን ከውስጥ ይጨብጣል። የቤቱ ጥርስ ላለቀበት ፍሬም መዳኛ ነው። የቤቱ ሁለት ፊቶች ጠፍጣፋና ንጹሕ ይሁኑ፤ ቀለም ካለ ፋቁት።

በጣሊያን ልክ እንደገና ጥርስ ማውጣት። 36 ከ35 ስለሚበልጥ ለማውጣት ብረት አለ። መመለሻ ግን የለውም። ሌላው ሁሉ ካልሆነ ብቻ፣ መሣሪያው ያለው ባለሙያ ጋ።

የእንግሊዝ ልክ ስኒ ፈረንሳይ ቤት ውስጥ መሞከር ግን አማራጭ አይደለም። 34.8ቱ 35ቱ ውስጥ እየላላ ጥቂት ዙር ይገባል፣ ከዚያ እርምጃው ስለማይመጥን ይነክሳል። "ገባልኝ" ያለ ሰው ጥርሱን እየበላ ነው ያስገባው።

የዘንጉ ርዝመት

አዲሱን ክራንክ ሳትገዙ ዘንግ አትግዙ። ክራንኩን ዘንጉ ላይ በእጅ ግፉና ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ማርሹና ክንዱ ከፍሬሙ የኋላ ቱቦ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይራቁ። ሁለተኛ፣ ከመቀመጫው ቱቦ መሀል እስከ ሁለቱ የፊት ማርሾች መሀል ያለው ርቀት 43.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን።

የአራት ማዕዘኑ ጫፍ የጃፓንና የአውሮፓ ልክ አለው። የአውሮፓ ክራንክ የጃፓን ዘንግ ላይ 4.5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል። ተቃራኒው ደግሞ ብዙ ይሰምጣል። ክራንኩ ጠብቆ ሳለ የዘንጉ ጫፍ ከብሎኑ መቀመጫ ጋር እኩል ከደረሰ ብሎኑ የሚያጠብቀው ዘንጉን እንጂ ክራንኩን አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥንድ አትንዱ።

## 8. ቦተም ብራኬቱን ግጠሙ

1. የቤቱን ጥርስ አጽዱ። አቧራና የቀለም ፍርፋሪ አይቅር።
2. የቀኙ ስኒ፣ ፈረንሳይ ልክ፦ ጥርሱን ከግሪስ ሙሉ በሙሉ አጽዱና ሰማያዊ ሎክታይት ቀቡ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስትነዱ የኳሶቹ ጫና የቀኙን ስኒ የሚገፋው በፈረንሳይ ልክ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ነው። በእንግሊዙና በስዊሱ ግራ ዘሪ የተደረገው ለዚህ ነው። ስለዚህ የፈረንሳዩ በጣም መጥበቅ አለበት። የብሎኑን ዘዴ ከቀኝ በኩል ተጠቀሙ፤ ዳዶውን በሰዓት አቅጣጫ እያዞራችሁ ስኒው ከቤቱ ፊት ጋር ተጣብቆ እስኪቆም።
3. የስዊስ ከሆነ፦ ግሪስ ቀብታችሁ ከሰዓት በተቃራኒ አጥብቁ።
4. ስኒዎቹን ውስጣቸውን በግሪስ ሙሉ። በየጎኑ 11 ኳስ ደርድሩ፤ ግሪሱ ይይዛቸዋል። አሮጌ ኳስ ከአዲስ ጋር አትቀላቅሉ።
5. ዘንጉን ረጅሙን ጫፍ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ አስገቡ። የግራውን ስኒ በእጅ አዙሩ። በመጀመሪያው ዙር ከከበደ ተጣሞ እየገባ ነው፤ አውጡና እንደገና ጀምሩ።
6. ዘንጉ ሳይንገጫገጭ በነፃ እስኪዞር ስኒውን አስተካክሉ። ከዚያ ስኒውን በአንድ ቁልፍ እንደያዛችሁ ማሰሪያውን ቀለበት በሌላው አጥብቁ።

ቀለበቱ ሲጠብቅ ስኒውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ማስተካከያው ይለወጣል። ስለዚህ ደጋግሞ መሞከር ያለ ነው። ዘንጉ ሲዞር እንደ አሸዋ ከተሰማ ጠብቋል፤ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ላልቷል።

ዝግ ቦተም ብራኬት ከሆነ ይህ ማስተካከያ የለም። በቀኝ በኩል ግን ሎክታይቱ እዚያም ያስፈልጋል።

## 9. ክራንኩን ግጠሙ

በሽብልቅ፦ አዲሱን ሽብልቅ አስገቡና ዳዶውን ሳታስሩ ሁለቱ ክራንኮች በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ። የቀኙን ክራንክ ወደ ፊት አድርጋችሁ ሽብልቁን ከላይ ወደ ታች አስገቡ። ከዚያ ዘንጉን አዙሩና የግራው ወደ ፊት ሲመጣ እሱንም ከላይ ወደ ታች። ይህን ቅደም ተከተል ከሳታችሁ ክራንኮቹ ይጣመማሉ፤ እግራችሁም ያውቀዋል። ሽብልቁ በበቂ ካልገባ ጠፍጣፋውን ፊት በሞረድ ጥቂት ጥቂት አንሱ፤ ከሁለቱም እኩል። ከሥር ቱቦውን አቁማችሁ በመዶሻ አስገቡ፤ ዳዶውን በመጨረሻ እሰሩ። ዳዶው ሽብልቁን እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ አይስበውም። በዳዶ ለመሳብ ከሞከራችሁ ጥርሱ ይሄዳል።

በአራት ማዕዘን፦ ዘንጉንና ቀዳዳውን አድርቃችሁ አጽዱ። ሮንዴላውን መልሱ። ብሎኑን ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። አሉሚኒየም ነውና "ለማንኛውም" እያሉ በየሳምንቱ መጨመር ክራንኩን ይሰነጥቀዋል።

አዲሱ ክራንክ የማርሽ መጠን ከቀየረ የፊት ማርሽ ቀያሪው ቁመትም ይስተካከላል። አዲስ ቀያሪ የምትገዙ ከሆነ የፈረንሳይ መቀመጫ ቱቦ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 28.0 ሚሊሜትር መሆኑን አትርሱ። የ28.6ቱ ማቀፊያ ይንሸራተታል።

## 10. ፔዳሎቹ

የፈረንሳይ ፔዳል 14 ሚሊሜትር በ1.25 ነው። የአሁኑ ክራንክ ሁሉ ማለት ይቻላል 9/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ነው፤ ይህም 14.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የድሮው ፔዳል አዲሱ ክራንክ ውስጥ እየተወዛወዘ ይገባል። ኮረብታ ላይ ስትቆሙበት ይነቀላል። አትሞክሩት።

በተቃራኒው የድሮ ፈረንሳይ ክራንክ ገዝታችሁ አዲስ ፔዳል ከፈለጋችሁ መፍትሔ አለ። 9/16ቱ ስለሚበልጥ አሉሚኒየም ክራንኩን በ9/16 ጥርስ ማውጫ ማስፋት ይቻላል። የግራው በግራ ዘሪ ማውጫ መሆኑን ለባለሙያው ንገሩት። ፔዳሉን ራሱን እንደ ማውጫ ተጠቅሞ በቁልፍ መግፋት ግን ጥርሱን ያበላሻል።

ጥርሱን ግሪስ ቀብታችሁ ቢያንስ ሦስት ዙር በእጅ አስገቡ። ከዚያ በቁልፍ።

ከመጀመሪያው 50 ኪሎሜትር በኋላ

ሽብልቅ ከሆነ በመዶሻ እንደገና አንድ ጊዜ ምቱትና ዳዶውን እሰሩ፤ አዲስ ሽብልቅ ሁልጊዜ ይረግጣል። ብሎን ከሆነ በዚያው ልክ አንዴ ፈትሹ። የቀኙን ስኒ በቀለም እስክሪብቶ ከቤቱ ጋር መስመር አስምሩበት። መስመሩ ከተለያየ ስኒው እየተፈታ ነው። አውጡ፣ አጽዱ፣ በአዲስ ሎክታይት መልሱ። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንቀሳቀሰው ክራንክ አንድ ብቻ ከሆነ የላላው ያ ክራንክ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከተንቀሳቀሱ ቦተም ብራኬቱ ነው።